በማግስቱ የሚያቅለሸልሽ እርግዝና የለም፦ የሚወራውና እውነታው

ያለ ኮንዶም፣ ያለ ኪኒን ግንኙነት ተደርጓል። ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በጭንቀት ያልፋሉ። ጡቴን አመመኝ፣ ደከመኝ፣ የሽንኩርት ቁሌት ሸተተኝ እየተባለ ጓደኛ ይጠየቃል፣ ስልክ ይጎረጎራል። ከእነዚህ ስሜቶች አንዱም ብቻውን እርግዝናን አያረጋግጥም። ለማወቅ ቀን መቁጠርና መመርመር ነው የሚያስፈልገው። በብዛት ከሚባሉት ውስጥ ጥቂቶቹን እንያቸው።

«ትናንት ተገናኘን፣ ዛሬ ያቅለሸልሸኛል፤ አርግዣለሁ»

በአንድ ቀን እንዲህ አይሆንም። የወንድ ዘር በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። እንቁላሏ ግን ከወጣች በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው የምትቆየው። ሁለቱ ቢገናኙም ጽንሱ ማህፀን ላይ እስኪጣበቅ ከ6 እስከ 10 ቀን ገደማ ይፈጃል። ኤችሲጂ የሚባለው፣ በሽንት ምርመራ የሚታየው ሆርሞን ወደ ደም የሚገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ማቅለሽለሹም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ፔሬድ ከቀረ በኋላ ነው። የዛሬው ከጭንቀት ወይም ከጨጓራ ሊሆን ይችላል። ፖስትፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠውን የድንገተኛ መከላከያ ኪኒን) ወስደሽ ከሆነም እሱ ራሱ ያቅለሸልሻል።

«ጡቴ አብጧል፣ ሆዴም ተነፍቷል»

ብታረግዢም ባታረግዢም፣ እንቁላል ከወጣ በኋላ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን በየወሩ ይጨምራል። ፔሬድ ሊመጣ ሲል ጡት የሚያሳምመውም፣ ሰውነት የሚያዝለውም እሱ ነው። በስሜት ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

«ፔሬዴ ሁልጊዜ ወር በገባ በ12 ነው፤ ዘንድሮ ቀኑ ተዛባብኝ»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፣ የብዙ ሴቶች ዑደት ግን ወደ 28 ቀን ይጠጋል። ስለዚህ መስከረም 12 የመጣ ፔሬድ ቀጥሎ የሚጠበቀው ጥቅምት 10፣ ከዚያ ኅዳር 8 ነው። ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ ነገሩ ይባስ ይወሳሰባል። ነሐሴ 20 ያየች ሴት ጳጉሜን ዘልላ ብትቆጥር መስከረም 18 ትጠብቃለች። ጳጉሜ 5 ቀን በሆነችበት ዓመት ትክክለኛው ቀን መስከረም 13 ነበር። 5 ቀን አሳልፋ «ገና ነኝ» ትላለች ማለት ነው። ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ዑደት ጤነኛ ስለሆነ የራስሽን ነው ማወቅ ያለብሽ። ደም የታየበትን የመጀመሪያ ቀን ስልክሽ ላይ መዝግቢ።

«ትንሽ ደም አየሁ፤ ስለዚህ የለም»

አንዳንድ ሴቶች ላይ እርግዝናው ሲጀምር ጥቂት ደም ጠብ ይላል። እንደወትሮው ካልፈሰሰሽና ቶሎ ካቆመ ተመርመሪ።

«አንድ መስመር ብቻ ነው የታየው፤ ተገላገልኩ»

መቼ ተመረመርሽ? የሽንት ምርመራ የሚታመነው ፔሬድ መምጣት ከነበረበት ቀን ጀምሮ ነው። ቀኑን የማታውቂ ከሆነ ከግንኙነቱ 21 ቀን ቁጠሪ። ቀድመሽ ከተመረመርሽ «የለም» የሚለው ውጤት ገና ምንም አልነገረሽም። የጠዋት የመጀመሪያ ሽንት ይሻላል። ውጤቱን ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ውስጥ አንብቢ። በሰዓቱ የታየ ሁለተኛ መስመር ቢደበዝዝም «አለ» ነው። ማታ ከቆሻሻ ቅርጫት ተለቅሞ የታየ መስመር ግን አይቆጠርም። ፔሬዱ አሁንም ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ድገሚው። በስኳር፣ በጨውና በጥርስ ሳሙና የሚደረገው ምርመራ ግን ቀልድ ነው። ስኳሩ ለሻይ ይሁን።

«ሐኪሙ 6 ሳምንት ነው አለ፤ ባሌ ከመጣ ግን 4 ሳምንቱ ነው»

ስንት ትዳር በዚህ እንደታመሰ ቤት ይቁጠረው። አንድ ባል ከመስክ ሥራ ጥቅምት 15 ተመለሰ እንበል። ኅዳር 13 ሚስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ «6 ሳምንት» ተባለች። ሰውየው በጣቱ ቆጥሮ ፊቱ ይጠቁራል። ነገር ግን የሕክምና ቆጠራ የሚጀምረው ከመጨረሻው ፔሬድ የመጀመሪያ ቀን ነው። የእሷ ጥቅምት 1 ነበር። ከዚያ እስከ ኅዳር 13 ድረስ 42 ቀን፣ ልክ 6 ሳምንት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እርግዝና ሳይኖር የሚቆጠሩ ናቸው። «40 ሳምንት» የሚባለውም በዚሁ ስሌት ነው። ጥርጣሬ ከመግባቱ በፊት ባለሙያውን «ከየትኛው ቀን ቆጥራችሁ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

«የመጀመሪያዬ ነው»፣ «ውጭ ነው ያፈሰሰው»፣ «ወዲያው ታጠብኩ»

በመጀመሪያ ቀን ይረገዛል። ውጭ በማፍሰስ ብቻ ከሚተማመኑ 100 ሴቶች 20 ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። መሽናት፣ መዝለልና ኮካ መጠጣት ምንም አያደርጉም። ብልትን ውስጥ ድረስ ማጠብማ ለኢንፌክሽን ነው የሚዳርገው።

«እያጠባሁ ነው፤ አይዘኝም»

የሚሠራው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ይሁን፣ ቀንም ሌሊትም የእናት ጡት ብቻ ይጥባ፣ ፔሬድም ገና ያልተመለሰ ይሁን። አንዱ ከጎደለ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። ልብ በይ፦ እንቁላል የሚወጣው ከፔሬዱ በፊት ነው። ደም ሳታይ ልታረግዢ ትችያለሽ።

«ፖስትፒል ያስወርዳል»

አያስወርድም። የእንቁላሉን መውጣት ነው የሚያዘገየው፤ የያዘ እርግዝና ላይ አይሠራም። ስለዚህ ቶሎ መውሰድ ነው፣ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ። በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሰሽ መድገም ያስፈልጋል። ለነገው ግንኙነትም አይሆንም። ቀጣዩን ፔሬድ ሊያፋጥነው ወይም ሊያዘገየው ይችላል፤ ከሳምንት በላይ ከዘገየ ተመርመሪ። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው መዳብ ያለው ሉፕ ከግንኙነቱ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከኪኒኑ የበለጠ ይከላከላል። ግንኙነቱ በግዳጅ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ጤና ተቋም መሄድ ነው፤ ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት።

«ሁለት መስመር ካለ ቦታውን ይዟል»

ምርመራው እርግዝና መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይናገርም። አንዳንዴ ጽንሱ ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦ ውስጥ ይቀራል። ከሆድ በታች በአንድ በኩል ኃይለኛ ሕመም፣ ደም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት፣ ትከሻ ጫፍ ላይ ሕመም ካለ ማስታገሻ ውጦ ማደር አይገባም። ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሂጂ።