የጋዝ ጎማ መቀየር ብቻ አይደለም፦ የተፈጥሮ ጋዝ ግሪልን ወደ ፕሮፔን ስለመቀየር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በተፈጥሮ ጋዝ መስመር የሚሠራ ግሪል (የሥጋ መጥበሻ ምድጃ) ያለው ሰው መስመር ወደሌለበት ቤት ሲገባ ቶሎ የሚመጣለት ሐሳብ የፕሮፔን ሲሊንደር ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ብዙ ግሪሎች ወደ ፕሮፔን ይቀየራሉ። የሚያሳስበኝ በዚህ ዙሪያ የሚሰጠው ምክር ነው፤ ምክንያቱም አንዳንዱ ምክር ፊት የሚያቃጥል ነው።

"ጋዝ ያው ጋዝ ነው፤ ጎማውን ሲሊንደር ላይ መሰካት ብቻ ነው።"

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ በአብዛኛው ሜቴን ነው፤ አንድ ሜትር ኩብ ሲቃጠል 38 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ይሰጣል። ያው አንድ ሜትር ኩብ ፕሮፔን ግን 93 ሜጋጁል አካባቢ ይሰጣል፣ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። አሁን ማብሪያ ማጥፊያው ካለበት ሰሌዳ ጀርባ፣ በርነሩ (እሳቱ የሚነድበት ክፍል) የሚጀምርበትን ቦታ እዩት። የቫልቩ ጫፍ ላይ ትንሽ የነሐስ ኖዝል አለ። መሃሉ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ አለው፣ ብዙ ጊዜም ጎኑ ላይ ቁጥር ተቀርጾበታል። ያ ቀዳዳ የተለካው ለተፈጥሮ ጋዝ ነው። ፕሮፔን በዚያው ቀዳዳ ሲለቀቅ በርነሩ ከሚችለው በላይ ጋዝ ይመጣበትና ከሚያገኘው አየር ጋር አይመጣጠንም። ከዚያ ረጅም ቢጫ ነበልባል ይነሳል፣ ምግቡ ላይ ጥላሸት ይቀመጣል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይፈጠራል፤ እሱ ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም። ስለዚህ ጠባብ ኖዝል የግድ ነው። የአዲሱ ቀዳዳ ስፋት በዲያሜትር ሲለካ ከቀድሞው 60 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን የሚወሰደው ከአምራቹ ሰንጠረዥ ነው እንጂ በግምት አይደለም።

እዚህ ላይ "ኖዝል መግዛት ለምን፣ በድሪል ማስተካከል ይቻላል" የሚል አይጠፋም። ይህ ወሬ የመጣው በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከፕሮፔን ወደ ተፈጥሮ ጋዝ ከሚቀይሩ ሰዎች ነው፤ እነሱ ቀዳዳ ማስፋት ነው የሚፈልጉት። እናንተ የምትፈልጉት ማጥበብ ነው፣ ድሪል ደግሞ አያጠብም። በስታኞ ደፍኖ እንደገና መብሳትም አይሆንም። ቀዳዳው ትንሽ ከተጣመመ ጋዙ ወደ በርነሩ መሃል ቀጥ ብሎ አይገባም፤ ለዚህ ሁሉ አደጋ ደግሞ ኖዝል ውድ ዕቃ አይደለም።

"የድሮው ሬጉሌተር ይበቃል።"

አይበቃም። ሬጉሌተር የጋዙን ግፊት የሚቀንስ መሣሪያ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ግሪሎች ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ከ4 እስከ 7 ኢንች የውሃ ዓምድ ግፊት (የዝቅተኛ ግፊት መለኪያ) ነው፣ ማለትም ከ10 እስከ 17 ሚሊባር ገደማ። ብዙ የፕሮፔን ግሪሎች 11 ኢንች ወይም ወደ 28 ሚሊባር ይፈልጋሉ፤ ከዚህ የሚበልጥ ግፊት የሚጠቀሙ አገሮችም ስላሉ የግሪሉን የመረጃ ሰሌዳ ማየት ይበጃል። ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ግን በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ7 ባር በላይ ነው። ይህን ያህል ግፊት ተቀብሎ ወደ 28 ሚሊባር የሚያወርደው ለፕሮፔን ሲሊንደር የተሠራ ሬጉሌተር ነው። ለቤት መስመር የተሠራው ይህን አይችልም። ጎማውም ለፕሮፔን የተፈቀደ ይሁን።

ዋና በርነሮቹን ቀይሮ ጨረስኩ የሚል ሰውም ብዙ ነው። የጎን ምድጃው የራሱ ኖዝል አለው። ከኋላ ያለው የሥጋ ማዞሪያ በርነርም እንደዚያው። አንዳንድ ቫልቮች ላይ ደግሞ ትንሹን እሳት የምትወስን ብሎን አለች፤ እሷ ካልተስተካከለች እሳቱ ዝቅ ሲል ወይ ይበዛል ወይ ይጠፋል። የአየር መግቢያውንም አትርሱት። ነበልባሉ ቢጫና ልፍስፍስ ከሆነ አየር ያንሰዋል፣ ከበርነሩ እየዘለለ የሚጮህ ከሆነ አየር በዝቶበታል። የምትፈልጉት ረጋ ያለ ሰማያዊ ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ቢኖር ችግር የለውም።

"ፕሮፔን የበለጠ ይሞቃል" ስለሚባለው፦ የሁለቱ የነበልባል ሙቀት ተቀራራቢ ነው። በትክክል የተቀየረ ግሪል የሚሰጠው ሙቀት ከቀድሞው ብዙም አይለይም።

"እሳቱ ደከመ፣ ቅየራው አልሠራም።"

እንዲህ ከማለታችሁ በፊት የሲሊንደሩን ቫልቭ እንዴት እንደከፈታችሁት አስታውሱ። ብዙ የግሪል ማያያዣዎች ውስጥ ጋዝ በድንገት ሲፈስ ፍሰቱን የሚቀንስ መከላከያ አለ። ቫልቩ በአንዴ ከተከፈተ፣ ወይም የበርነሩ ማብሪያ ቀድሞ ክፍት ከነበረ፣ መከላከያው ጎማ የተቀደደ መስሎት ጋዙን ይቀንሰዋል። ሁሉንም ዝጉ፣ ሬጉሌተሩን ነቅላችሁ ትንሽ ጠብቁ፣ መልሳችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ ሲሊንደሩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ። ብዙ ጊዜ በዚህ ይስተካከላል።

"ቢያፈስም ውጭ ስለሆነ ነፋስ ይወስደዋል" የሚለው ለተፈጥሮ ጋዝ መጠነኛ እውነት አለው፤ ከአየር ስለሚቀል ወደ ላይ ይወጣል። ፕሮፔን ግን ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይከብዳል። ወደ ታች ወርዶ ይተኛል፣ በግንብ የተሠራ ቁም ሣጥን ውስጥ ይከማቻል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ግሪሉ እንዲህ ያለ ቦታ ውስጥ ከተገጠመ ከታች በኩል የአየር መውጫ ሊኖረው ይገባል። በአፍንጫ ብቻ አትተማመኑ፣ በክብሪትማ ፈጽሞ አትሞክሩ። የበርነሮቹን ማብሪያ ዘግታችሁ ሲሊንደሩን ክፈቱ፣ መገጣጠሚያውን ሁሉ የሳሙና ውሃ ቀቡት፣ አረፋ እያበጠ ከመጣ እዚያ ጋ ያፈስሳል።

ለመሆኑ ሁሉም ግሪል ይቀየራል ወይ? አይቀየርም። አንዳንድ አምራቾች ለሞዴሉ የመቀየሪያ ዕቃ ያቀርባሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ቅየራን ጨርሶ አይፈቅዱም፤ ያለፈቃድ ከተነካ ዋስትናውም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ምንም ከመፍታታችሁ በፊት የሞዴል ቁጥሩን ይዛችሁ አምራቹን ጠይቁ። የጋዝ ሥራ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ብቻ እንዲሠራ ሕግ የሚያስገድድባቸው ቦታዎችም አሉ።

ሥራው ካለቀ በኋላ የመረጃ ሰሌዳው አጠገብ "ወደ ፕሮፔን ተቀይሯል" የሚል ምልክት ከነቀኑ ለጥፉበት። ነገ ግሪሉን የሚገዛው ሰው ሰሌዳውን ብቻ አይቶ ከተፈጥሮ ጋዝ ጋር ቢያገናኘው በጠባቡ ኖዝል የሚወጣው እሳት ውሃ እንኳን አያፈላለትም። የድሮዎቹን ኖዝሎች አትጣሉ፤ በፌስታል አድርጋችሁ ከመመሪያው ጋር አስቀምጡለት።