ምግብና ማደሪያም ክፍያ ነው

«ደመወዝ ካልተቀበልኩ ሥራ አይባልም። በቱሪስት ቪዛ ገብቼ እርሻ ላይ እያገዝኩ፣ እዚያው እየበላሁና እያደርኩ አገር አያለሁ።» ይህን ከወጣቶች አፍ መስማት ሰልችቶኛል። ልክ አይደለም፤ ብዙ ልጆችንም ጎድቷል።

በዚህ ዓይነት ጉዞ በጣም የሚታወቀው ፈቃደኞችን ከእርሻዎች ጋር የሚያገናኘው ዉፍ (WWOOF) የሚባለው መረብ ነው። በ1971 እ.ኤ.አ. ሱ ኮፓርድ የተባለች በለንደን የቢሮ ጸሐፊ የነበረች ሴት ባሰበችው መሠረት አራት ሰዎች ለቅዳሜና እሁድ ደቡብ እንግሊዝ ወዳለችው ሰሴክስ ወርደው እርሻ በማገዝ ጀመሩት። ቀድሞ ስሙ ውስጥ «ሠራተኞች» የሚል ቃል ነበረበት። የኢሚግሬሽን ሰዎች አባላቱን እንደ ስደተኛ ሠራተኛ እያዩ ስላስቸገሩ በ2000 እ.ኤ.አ. ቃሉ ወጣ። ቃሉ ወጣ እንጂ ሕጉ አልተለወጠም። ኒውዚላንድ በማደሪያና በምግብ ልውውጥ የሚሠራን ሥራ እንደ ሥራ ነው የምትቆጥረው። እንግሊዝ ለጎብኚ የምትፈቅደው የበጎ ፈቃድ ሥራ ቢበዛ 30 ቀን፣ ያውም ለተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ብቻ ነው፤ የግለሰብ እርሻ እዚህ ውስጥ አይገባም።

አንድ የማውቀው ልጅ አየር ማረፊያ ላይ ስልኩን ከፍተው አዩት። ገበሬው «ሰኞ ከፍየሎቹ ትጀምራለህ» ብሎ ጽፎለታል። በቀጣዩ በረራ መለሱት። ዛሬም ለየትኛውም አገር ቪዛ ሲያመለክት «ተከልክለህ ታውቃለህ?» የሚለውን «አዎ» ብሎ ነው የሚሞላው።

ለእረፍት እየሄዱ መሥራት የሚያስችለው ቪዛ አገሮች ተስማምተው ለወጣቶቻቸው የሚሰጡት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት በኒውዚላንድም በአውስትራሊያም ዝርዝር ውስጥ የለም። የእስራኤል ፓስፖርት የያዙ ልጆቻችን ግን በሁለቱም በኩል ዕድሉ አላቸው፤ ይጠቀሙበት።

«በዚሁ ቪዛ አውስትራሊያ ገብቼ በነፃ ካገለገልኩ ሁለተኛ ዓመት ይጨመርልኛል» የሚለው ከታኅሣሥ 2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ቀርቷል፤ የሚቆጠረው የተከፈለበት ሥራ ነው።

«ከጠዋት እስከ ማታ ያሠራሉ» ይባላል። የተለመደው በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው።

«የገበሬ ልጅ መሆን ያስፈልጋል።» አያስፈልግም።

«እንደኛ ደቦ እኮ ነው» የሚሉም አሉ። መንፈሱስ ይመሳሰላል፤ ባለቤቱ ያበላል፣ የመጣው ያርማል። ደቦ የሚወጣው ግን ጎረቤት ነው፤ ብትበድለው ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። ባዕድ አገር የምትገቡት ከማያውቃችሁ ሰው ግቢ ነው። ስለዚህ ሳትሄዱ በጽሑፍ ጠይቁ፦ ስንት ሰዓት ነው? የእረፍት ቀን መቼ ነው? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ሌላ ማን አለ? ከዚህ በፊት እዚያ የሠራ ሰው አነጋግሩ። የቴታነስ ክትባትና የጤና ኢንሹራንስ ይኑራችሁ።

እኔ የመጀመሪያውን ቦታ ስይዝ ይህን ሁሉ አልጠየቅሁም። በመጋቢት ብርድ ማሞቂያ የሌለው ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት) ውስጥ አስተኙኝ። በሦስተኛው ቀን ጥዬ የወጣሁት ለሆቴልና ለመመለሻ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ስላስቀመጥኩ ነው። ያንን ገንዘብ ሳትይዙ አትነሡ።