የጤና ውጤት ልዩነት ምንድን ነው? በሂስፓኒኮች ትከሻ እንየው

ሁለት እናቶችን እናስብ። ሁለቱም 68 ዓመታቸው ነው፤ ሁለቱም ቴክሳስ ይኖራሉ። የሁለቱም የቀኝ ትከሻ መገጣጠሚያ በአርትራይተስ ተበልቷል። ሌሊት በዚያ ጎን መተኛት የለም። ፀጉር ማበጠር ራሱ ሥራ ሆኗል። ሁለቱም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ገባላቸው። ከዓመት በኋላ አንደኛዋ ከላይኛው መደርደሪያ ብርጭቆ ያወርዳሉ። ሌላኛዋ ግን አሁንም "ልጄ፣ እስቲ አውርድልኝ" ይላሉ።

ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ ዕድል ነው ብለን እናልፈዋለን። የብዙ ሺህ ሰው መዝገብ ሲገለበጥ፣ "አውርድልኝ" የሚሉት ደጋግመው ከአንድ ወገን ከሆኑ ግን ነገሩ ዕድል አይደለም። የጤና ውጤት ልዩነት የሚባለው ይሄ ነው።

ሁሉም ልዩነት አይቆጠርም ታዲያ። የ80 ዓመት ሰው ከ50 ዓመት ሰው ዘግይቶ ቢያገግም ማንም አይገረምም። እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ኋይትሄድ በ1990 ለዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ባዘጋጀችው ጽሑፍ መለያውን አስቀምጣለች። ልዩነቱ አስፈላጊ ካልሆነ፣ ማስቀረት እየተቻለ ካልቀረና ፍትሐዊ ካልሆነ፣ ያኔ ነው ጥያቄ የሚነሳው።

መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናው ምን እንደሆነ እንይ። ትከሻ በሲኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ ብርቱካን ማለት ነው። ኳሱ ትልቅ፣ መቀመጫው ትንሽና ጠፍጣፋ። እንዳይንሸራተት አቅፈው የሚይዙት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ፓሪስ ውስጥ በ1893 ዡል ኤሚል ፔያን የተባለ ቀዶ ሐኪም ቲቢ ለጎዳው ትከሻ ከፕላቲነምና ከጎማ የተሠራ መገጣጠሚያ አስገባ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ በኢንፌክሽን ምክንያት ወጣ። በ1950ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ ቻርለስ ኒር ነገሩን በደንብ አስኬደው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1985 ከፈረንሳዩ ፖል ግራሞን ነው። ሰውየው ኳሱንና መቀመጫውን አቀያየራቸው። ኳሱ ትከሻ አጥንት ላይ፣ ጎድጓዳው ክንድ ላይ ሆነ። እነዚያ አራቱ ጡንቻዎች ቢበጣጠሱም ትከሻን ከላይ እንደ ካባ የሚሸፍነው ትልቁ ጡንቻ፣ ዴልቶይድ፣ ክንዱን ያነሳዋል። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሠራው ይሄኛው "የተገለበጠው" ዓይነት ነው።

"ሂስፓኒክ" የሚለውስ ማንን ነው? ሥሩ ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነን ሰው ነው። የአሜሪካ መንግሥት ቃሉን በ1977 ለመዝገብ ሥራ ደንግጎታል። በዚያ ድንጋጌ ዘር አይደለም፤ ሂስፓኒክ ነጭም፣ ጥቁርም፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። በ2020 ቆጠራ 62.1 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከሕዝቡ 18.7 በመቶ፣ በዚህ ስም ተመዝግቧል። እዚህ ስም ሥር ማያሚ ያለ ኩባዊ ነጋዴ አለ። ካሊፎርኒያ እንጆሪ የሚለቅም ሜክሲኳዊ አለ። ሲወለድ ጀምሮ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ፖርቶሪኳዊም አለ። ስለዚህ "ሂስፓኒኮች እንዲህ ናቸው" የሚል አማካይ ቁጥር ስታዩ ትንሽ ጠርጠር አድርጉ። የአማካዩ ሰውዬ በአካል አይገኝም።

ደግሞ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ የሂስፓኒኮች ዕድሜ በአማካይ ሂስፓኒክ ካልሆኑት ነጮች ይረዝማል። ገቢያቸው ያንሳል፣ የጤና ኢንሹራንስ የሌላቸው ብዙ ናቸው፣ ግን ረጅም ይኖራሉ። ነገሩ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ "የሂስፓኒክ እንቆቅልሽ" እየተባለ ይጠናል። ስለዚህ ትከሻ ላይ የሚታየውን ልዩነት "ሰውነታቸው ደካማ ስለሆነ ነው" ብሎ መዝጋት አያዋጣም። ስኳር በሽታ በእነሱ ዘንድ ከነጮች ከፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ስኳር ደግሞ የቁስል ኢንፌክሽንን ያባብሳል። ግን እሱ የነገሩ አንድ ጥግ ብቻ ነው።

የቀረውን ለማየት ቀዶ ሕክምናው ከሚፈጀው ሁለት ሰዓት ገደማ ወጥተን ወደ ኋላና ወደ ፊት መሄድ አለብን።

ወደ ኋላ ስንሄድ ተደጋግሞ የሚታየው ሂስፓኒኮች ቀዶ ሕክምናውን ከነጮች ባነሰ መጠን ማግኘታቸው ነው። ኢንሹራንስ የሌለው ሂስፓኒክ ድርሻ ከነጮች ከእጥፍ በላይ ነው። መንግሥት ለአረጋውያን የሚሸፍነው ሜዲኬር የሚጀምረው በ65 ዓመት ነው። የ61 ዓመቱ ግንበኛ "አራት ዓመት ልታገስ" ይላል። በነዚያ አራት ዓመታት ጅማቱ ይበጠሳል፣ አጥንቱ ይሸረሸራል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ደግሞ 65 ቢሞላውም ሜዲኬር የለም። በዚያ ላይ ትከሻ በዓመት ብዙ ጊዜ የሚሠራ ሐኪም ጥቂት ከሚሠራው የተሻለ ውጤት ያመጣል። እንዲህ ያለው ሐኪም ያለው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ከተማ፣ ደህና ኢንሹራንስ የሚቀበል ቦታ ነው።

ሕመምስ? በ1993 ከሎስ አንጀለስ የወጣ ጥናት አለ። የእጅ ወይም የእግር አጥንታቸው ተሰብሮ ድንገተኛ ክፍል የመጡ ሰዎችን ተመለከተ። ከሂስፓኒኮቹ 55 በመቶው ምንም ማስታገሻ አልተሰጣቸውም። ከነጮቹ ያልተሰጣቸው 26 በመቶ ነበሩ። ምናልባት ሐኪሞቹ ሕመሙን አላዩትም ይሆን? እነዚያው ተመራማሪዎች በቀጣዩ ዓመት ይሄንኑ ፈተሹ። ሐኪሞቹ የሕመሙን መጠን ለሁለቱም ወገን እኩል ገምተው ተገኙ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው።

አሁን ወደ ፊት እንሂድ። ቀዶ ሕክምናው አልቋል። ታካሚው ክንዱን በማንገቻ አስሮ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ለወራት ፊዚዮቴራፒ አለ። የተገለበጠው መገጣጠሚያ ከገባለት ደግሞ ጥብቅ ትእዛዝ ይሰጠዋል። በዚያ እጅ ወንበር ተደግፎ መነሳት የለም። እጅን ወደ ኋላ አዙሮ ሸሚዝ ሱሪ ውስጥ መክተትም የለም፤ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። ይሄንን ሁሉ የሚተረጉመው ማነው? ብዙ ጊዜ የ12 ዓመት የልጅ ልጅ ነው። "ወደ ኋላ አዙሮ" የሚለውን ልጁ "ወደ ኋላ አትሂድ" ብሎ ቢተረጉመው ማን ያውቃል?

የቋንቋን ዋጋ ለማሳየት አሜሪካ ውስጥ ሁሌም የሚነሳ ታሪክ አለ። ፍሎሪዳ፣ 1980። የ18 ዓመት ልጅ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ቤተሰቡ በስፓኒሽ "ኢንቶክሲካዶ" ነው አሉ። እነሱ የበላው ነገር መረዘው ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ ግን ቃሉን ከእንግሊዝኛው አመሳስለው አደንዛዥ ዕፅ ወስዷል ብለው ደመደሙ። ልጁ አንጎሉ ውስጥ ደም ይፈስ ነበር። ሳይታወቅ ቀርቶ እጅና እግሩ ሽባ ሆነ። ካሳው ወደ 71 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ነበር።

ትከሻ ላይ እንዲህ ያለ ድራማ የለም። እዚያ ጉዳቱ በዝምታ ነው። ሐኪሙ "ገባዎት?" ይላል፤ ታካሚው "አዎ" ይላል። ሂስፓኒኮች "ሬስፔቶ" የሚሉት ነገር አላቸው፤ ትልቅ ሰውን፣ የተማረን ሰው ማክበር ነው። ሐኪም ፊት "አልገባኝም" ማለት ያስነውራል። የእኛ ይሉኝታ የአጎት ልጅ በሉት።

ሥራም አለ። በአሜሪካ ግንባታ ላይ ከሚሠራው ሰው ሲሶው ገደማ ሂስፓኒክ ነው። የ1993ቱ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ ከሥራ ለመቅረት የሚሰጠው 12 ሳምንት ያለ ክፍያ ነው። እሱም ቢሆን ከ50 ሠራተኛ በታች ያለውን የግል ድርጅት አይመለከትም። በሳምንት ሁለቴ ፊዚዮቴራፒ ለመሄድ ሁለት ቀን ከደመወዝ መቅረት፣ ለእያንዳንዱ ቀጠሮም ድርሻ መክፈል አለ። ሰውየው ሦስት ሳምንት ሄዶ ይቀራል። ፋይሉ ላይ "ትእዛዝ አይከተልም" ተብሎ ይጻፍበታል።

አሁን ወደ ረቂቁ ነገር እንምጣ። "ውጤት" የሚባለው በምን ይለካል? አሜሪካ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት የትከሻ መጠይቅ ከ100 ነው። 50 ነጥብ ለሕመም፣ 50 ነጥብ ለአሥር ጥያቄዎች። ኮት መልበስ ይችላሉ? በታመመው ጎን መተኛትስ? ኳስ ከራስ በላይ መወርወርስ? የተለመደ ስፖርትዎን መሥራትስ? የቤዝቦል አገር መሆኑ ያስታውቃል። ከጓቲማላ ገጠር የመጡ የ70 ዓመት አያት ምን ብለው ይመልሱ?

ቁጥሩም ሊያታልል ይችላል። እኔ ራሴ ልፍጠርላችሁ። አንዱ ታካሚ ከ30 ተነስቶ 75 ደረሰ። ሌላው ከ20 ተነስቶ 65 ደረሰ። ሁለቱም 45 ነጥብ ተሻሻሉ። "ምን ያህል ተሻሻሉ?" ብለን ከጠየቅን ልዩነት የለም። "አሁን የት ናቸው?" ካልን የአሥር ነጥብ ክፍተት አለ። ክፍተቱ ግን የመጣው አንዱ ዘግይቶ፣ ብሶበት በመግባቱ ነው እንጂ በቀዶ ሕክምናው አይደለም። ጥናቶች እርስ በርስ የማይስማሙ የሚመስሉበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ሌላው ምክንያት ማስተካከያው ነው። ተመራማሪ ኢንሹራንስንና ገቢን እኩል አድርጎ ሲያሰላ ክፍተቱ ሊጠብ ይችላል። አንዳንዱ ታዲያ "ጠበበ፣ ችግር የለም" ይላል። ኧረ ጠበበ ማለት ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው እንጂ!

ይሄ ሁሉ እኛን ሐበሾችን የሚነካበት ቦታ አለ። በአሜሪካ የሕክምና መዝገብ ኢትዮጵያዊ አብዛኛውን ጊዜ "ጥቁር" ከሚለው ሳጥን ውስጥ ይገባል። ትናንት ከአዲስ አበባ የመጡ እናት፣ አያት ቅድመ አያታቸው የአሜሪካዋ ጆርጂያ ውስጥ ከተወለዱ ሰው ጋር አንድ ቁጥር ይሆናሉ። በመጋቢት 2024 የፌዴራል መንግሥት መመሪያውን ሲያሻሽል በጥቁር ሥር ዝርዝር ምርጫዎችን አስገብቷል፤ "ኢትዮጵያዊ" ከነሱ አንዱ ነው። ቋንቋን በተመለከተ ደግሞ ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው ሕግ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች መካከል አማርኛ ከስፓኒሽ ጎን አለ። ከዲሲ ውጭም ቢሆን ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚወስድ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል። የነገሩ ሥር የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ስለዚህ እናታችሁ ለትከሻም ሆነ ለጉልበት ሕክምና ሲሄዱ፣ ቀጠሮ ስትይዙ ጊዜ ነው "የአማርኛ አስተርጓሚ" የሚባለው። በዕለቱ ከሆነ አስተርጓሚው እስኪገኝ እየተባለ ማይክሮፎኑ ለልጅ ልጃቸው ይሰጣል።