ኦፕነር ምንድን ነው? የምጣድ ማሟሻ እንዳትሉኝ ብቻ

ሰሞኑን አንድ የስፖርት ተንታኝ ስለ ክሪኬት ሲያወራ ሰማሁ። በአማርኛ ስለ ክሪኬት የሚያወራ ሰው ብርቅ ነውና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ባላደረግሁት ኖሮ! «ኦፕነር ማለት በቃ የምጣድ ማሟሻ ነው» አለ። «ቶሎ ቢወጣም ችግር የለውም፤ ዋናዎቹ መቺዎች ከኋላ ናቸው።» ይህን ነገር ስሰማ ሦስተኛዬ ነው። ከዚህ በላይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ተጫዋች አይደለሁም። እዚህ እንግሊዝ አገር ለአንድ የሰፈር ክለብ እሑድ እሑድ ውጤት እመዘግባለሁ። አንድ ደብተር፣ ሁለት እርሳስ፣ አንድ ፔርሙስ ሻይ። ዊኬት ምን እንደሆነ አላስረዳም። ይህን ብቻ ያዙ፦ ኦፕነር የቡድኑ ተራ ሲጀምር መጀመሪያ ከሚገቡት ሁለት መቺዎች አንዱ ነው፤ ኦቨር ስድስት ኳስ ነው፤ «ወጣ» ማለት ደግሞ መቺው ተሸንፎ ተራው አበቃ ማለት ነው። ዱባይና ሻርጃ ያላችሁ ሕንዶቹና ፓኪስታኖቹ ባዶ ቦታ ሲያገኙ እንዴት እንደሚጫወቱ አይታችኋል፤ እነሱን ጠይቁ።

ወደ ምጣዱ። ምሳሌው ራሱ ክፉ አይደለም፤ ተንታኙ ግማሽ መንገድ ላይ ጣለው እንጂ። እስከ አምስት ቀን በሚፈጀው ረጅሙ ጨዋታ፣ በቴስት ክሪኬት፣ ምጣዱ አዲሱ ኳስ ነው። ቀይ፣ ጠንካራ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ስፌቱ ጎላ ያለ። የወርዋሪዎቹ ጉልበት ገና አልተነካም። ኳሱ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር እየበረረ ይመጣል፤ መቺው ለማየትም፣ ለመወሰንም፣ ባቱን (መምቻ ዱላውን) ለማንሳትም ያለው ጊዜ ከግማሽ ሰከንድ ያንሳል። በዚያ ላይ ኳሱ አየር ላይ ይታጠፋል፤ መሬት ሲነካ ደግሞ በስፌቱ ወዲህ ወይም ወዲያ ይስታል። ኦቨር በኦቨር ሲመታ ይለሰልሳል፣ ስፌቱም ይተኛል። ከ80 ኦቨር በኋላ ወርዋሪዎቹ ሌላ አዲስ ኳስ መጠየቅ ይችላሉ፤ ያኔ ምጣዱ ተመልሶ አዲስ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ ምጣዱ መሟሸት አለበት። እዚህ ድረስ ተስማምተናል።

ግን ምጣዱን የሚያሟሸው ምንድን ነው? ተንታኙ የሳተው ይህን ነው። እናቶቻችን ቤት የመጀመሪያዋ እንጀራ ብትበላሽም ምጣዱ በእሷ ምክንያት ለሁለተኛዋ ይመቻል። ክሪኬት ላይ እንደዚያ አይደለም። ኦፕነሩ በሦስተኛው ኳስ ከወጣ ቀጣዩ መቺ የሚገጥመው የሦስት ኳስ ዕድሜ ብቻ ያለውን ያንኑ ኳስ ነው። እሱም ከወጣ አራተኛው ይመጣል፤ ምጣዱ ግን አሁንም እንዳለ ነው። ሊጡ አለቀ እንጂ ምጣዱ አልሟሸም! አዲስ ኳስን የሚያረጀው የወጡ መቺዎች ቁጥር ሳይሆን ያለፉት ኦቨሮች ናቸው። ኦፕነሩ የሚቀጠረውም ለዚሁ ነው፤ እዚያ ቆሞ ኦቨር እንዲያሳልፍ። ቶሎ መውጣቱ «ችግር የለውም» ከተባለ ሥራው ራሱ ቀረ።

ደብተሬ ላይ ይህ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሩጫ፣ ማለትም ውጤት፣ ያልተገኘበትን ኳስ በአንዲት ነጥብ ምልክት (·) እመዘግባለሁ። ከአንድ ኦቨር ስድስት ነጥብ ሲሞላ ነጥቦቹን በእርሳስ አያይዤ የእንግሊዝኛውን «ኤም» ፊደል እሠራለሁ፤ ሜይደን፣ ማለትም ሩጫ ያልተገኘበት ኦቨር ማለት ነው። የኛ ክለብ ኦፕነር መስመር አንዳንድ እሑድ ሽምብራ የተበተነበት ይመስላል። ሲወጣ ተመልካቹ 11 ሩጫ ብቻ ነው የሚያየው። እሱ ግን የእግር መከላከያ ፓዱን ሳይፈታ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ የሚጠይቀኝ ስንት ኳስ እንደገጠመ ነው።

ትልቅ ምሳሌ ከፈለጋችሁ የእንግሊዙን ኦፕነር አላስቴር ኩክን ተመልከቱ። መጋቢት 2006 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ከዚህ በታችም እንዲሁ) ካሪቢያን ላይ ከእንግሊዝ ሁለተኛ ቡድን ጋር እያለ ድንገት ተጠርቶ ሕንድ፣ ናግፑር ገባ። ገና 21 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያ ቴስቱ 60 ሩጫ፣ ከዚያም ሳይወጣ 104። በ2018 ለንደን፣ ኦቫል ሜዳ ላይ ሲሰናበትም ከሕንድ ጋር ነበር፤ 71 እና 147። በመሃሉ 161 ቴስት፣ 12,472 ሩጫ፣ 33 ጊዜ መቶና ከዚያ በላይ። ከእነዚህ ውስጥ 159ኙን ቴስት አንድም ሳያመልጠው በተከታታይ ተጫውቷል። ይህ ማሟሻ ነው?

በጥቅምት 2015 አቡ ዳቢ ላይ ፓኪስታንን ገጥሞ 263 ሲያስቆጥር 836 ደቂቃ ቆሟል። ወደ አሥራ አራት ሰዓት ሊሞላ አራት ደቂቃ ሲቀረው ማለት ነው። እዚያ የምትኖሩ የጥቅምቱን ፀሐይ ታውቁታላችሁ።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የ2017 ሜልቦርን ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሦስት ቴስቶች፣ በስድስት ኢኒንግስ (የመምታት ተራ)፣ በድምሩ 83 ሩጫ ብቻ ነበረው። አበቃለት ተባለ። ከዚያ ገባና 244 አስቆጥሮ ሳይወጣ ቀረ። በአራተኛው ቀን የመጀመሪያ ኳስ የመጨረሻው ጓደኛው ጄምስ አንደርሰን ሲወጣ ኩክ በሌላኛው ጫፍ ቆሞ ነበር። ቡድኑ በሙሉ ሲወጣ ከመጀመሪያው የገባው ሰው ገና አለ! ይህ «ባቱን ተሸክሞ መውጣት» ይባላል። እግረ መንገዴን፦ ይህ ስም የሚሰጠው ለኦፕነር ብቻ ነው። ስድስተኛ ገብቶ ሳይወጣ የቀረን «ባቱን ተሸከመ» የምትሉ እባካችሁ ተዉ።

መዝጋቢ ነኝና አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ያው ተንታኝ የኩክን አማካይ 42.86 አለ። ሩጫውን ለገባበት ጊዜ ሁሉ፣ ለ291፣ አካፍሎ መሆኑ ነው። አማካይ ግን የሚካፈለው ለወጣበት ጊዜ ብቻ ነው። 16 ጊዜ ሳይወጣ ቀርቷል፤ 12,472 ለ275 ሲካፈል 45.35 ይመጣል። ተጎድቶ ሜዳውን የለቀቀም እንደ ወጣ አይቆጠርም። እግሩን ነክቶ የሄደ ኳስ የሚያመጣው ሩጫ ደግሞ የቡድኑ እንጂ የመቺው አይደለም። ይህንን ማንም አልጠየቀኝም፤ አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ለተንታኙ ልሟገትለት። ምናልባት ያየው ቲ20 ይሆናል። እዚያ ለአንድ ቡድን ያለው 20 ኦቨር ብቻ ነው፤ ነጭ ኳስ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ኦቨሮች ሜዳው ላይ ከተሰመረው ክብ ውጭ መቆም የሚችሉት ሁለት ተከላካዮች ብቻ ናቸው። ሜዳው ክፍት ስለሆነ ኦፕነሩ ከመጀመሪያው ኳስ ይመታል፤ ቢወጣም እንደ ቴስቱ ጉድ አይባልም። እሺ፣ ይሁን። ግን ያ ከሸክላው ምጣድ ጋር አይገናኝም። ያ የማያጣብቅ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው፤ ሶኬቱን ሰክተህ ወዲያው ትጋግርበታለህ። ማሟሻ የሚባል ነገር እዚያም የለም።