ዳግም ጨረር በጡት ቆዳ ላይ የሚያመጣው ጉዳት ምንድን ነው?

የጡት ካንሰር ታክሞ ከጠፋ ከዓመታት በኋላ እዚያው ቦታ ሊመለስ ይችላል። ቀድሞ ጨረር ያገኘውን ቦታ ሐኪሞች እንደገና በጨረር ሲያክሙት ዳግም ጨረር ይባላል። ለሁሉም ሰው አይሰጥም። ቆዳው ስንት ይችላል የሚለው አስቀድሞ ይታሰባል።

የመጀመሪያውን ዙር ጉዳት ብዙዎች ያውቁታል። በሁለት ሦስት ሳምንት ቆዳው ያቃጥላል፣ ያሳክካል። በነጭ ቆዳ ላይ መቅላት ይታያል፤ በእኛ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይጠቁራል። ጡት ሥርና ብብት ውስጥ ተልጦ ውኃ ሊቋጥር ይችላል። ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለአንድ ሁለት ሳምንት ይብሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ ይድናል።

የዳነው ግን ላዩ ነው። ከሥር ጥቃቅን የደም ሥሮች ተጎድተዋል፣ ቆዳው ራሱን የመጠገን አቅሙ ቀንሷል። የመጀመሪያው ዙር 50 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) በ25 የሕክምና ቀን፣ ወይም 40 ግሬይ በ15 የሕክምና ቀን ተሰጥቶ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በዚያ ላይ ይደመራል። ስለዚህ በጣም የሚያሳስበው ከወራትና ከዓመታት በኋላ የሚመጣው ነው፦ ቆዳው ይደድራል፣ ጡቱ ይኮማተራል፣ ቀጫጭን ደም ሥሮች በቆዳው ላይ ይታያሉ፣ አንዳንዴም አልድን የሚል ቁስል ይፈጠራል።

ያኔ ታካሚዋ ለሕክምና የሄደችበት አዲስ አበባ አይደለችም። ደሴ፣ ወልዲያ ወይም ከሚሴ ቤቷ ገብታለች። ስለዚህ የቤት ሰው ማወቅ አለበት። ወይባ ጢስ የወሎ ሴት ወግ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ፤ ጨረር ያገኘ ቆዳ ግን እንዲህ ያለ ሙቀት አይችልም። ሐኪሟ ሳይፈቅድ አትሙቅ፣ እባካችሁ። የተላጠ ቦታ ላይ ቅቤም ሆነ ቅጠል አይደረግ። የአንቀልባ ማሰሪያና የጀሪካን ገመድ ደረቷን እንዳይፈትጋት ሌላ ሰው ይሸከምላት። ለኮምቦልቻ ሙቀት ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይሻላል። ልጅ ማቀፍ ግን አትከልክሏት፤ ከውጭ በመሣሪያ የተሰጠ ጨረር ሰውነቷ ውስጥ አይቀርም።

የመጀመሪያው ሕክምና ወረቀት አይጣል። መጠኑ፣ ቦታውና ቀኑ ካልታወቀ ሁለተኛውን ማስላት ይቸግራል።

ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ አዲስ እብጠት ወይም የበለዘ የሚመስል ሐምራዊ ምልክት ከታየ ቶሎ ሆስፒታል ትሂድ። እዚያም ማንም ቆዳዋን ሳይቀድ በፊት “ይህ ቦታ ሁለት ጊዜ ጨረር አግኝቷል” ትበል፤ እንዲህ ያለ ቆዳ ከተቀደደ በቀላሉ አይገጥምም።