የሃሎዊን ጥቁር ፖም፦ የሚወራው እና እውነታው

አሜሪካ የሚያድጉ ልጆች ኦክቶበር 31 ሲቃረብ ሃሎዊንን፣ ልጆች የሚያስፈራ ልብስ ለብሰው ከቤት ቤት ጣፋጭ የሚጠይቁበትን በዓል፣ ከትምህርት ቤት ይዘው ይመጣሉ። ጥቁር ወይም ደም የመሰለ ከረሜላ የለበሰ ፖም ደግሞ ቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። ስለ እሱ ከሚወራው ግን ብዙው ስህተት ነው፤ ሰው በማያስፈራው ፈርቶ ሊጠነቀቅ በሚገባው ቦታ ይዘናጋል።

«ከሰው የመጣ ፖም ውስጥ ምላጭ ወይም መርዝ አይጠፋም»

የዴላዌር ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ምሁር ጆኤል ቤስት ከ1958 ጀምሮ የወጡትን ዘገባዎች መርምረዋል። ከማያውቀው ሰው በተቀበለው የሃሎዊን ጣፋጭ የሞተ ወይም ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ስለመኖሩ ማረጋገጫ አላገኙም። በ1974 ቴክሳስ ውስጥ አንድ ልጅ በሳያናይድ ሞቷል፤ መርዙን የሰጠው ግን የገዛ አባቱ ነበር።

ሰው የገደለው ሌላ ነው። በ2014 መጨረሻ በፋብሪካ የተዘጋጀ ካራሜል የለበሰ ፖም አሜሪካ ውስጥ 35 ሰዎችን በሊስቴሪያ ባክቴሪያ አሳመመ፤ 34ቱ ሆስፒታል ገቡ፣ የሞቱም ነበሩ። ከታማሚዎቹ መካከል ነፍሰ ጡሮች ይገኙበታል። በኋላ የዊስኮንሲን ተመራማሪዎች ምክንያቱን አሳዩ፦ እንጨቱ ሲሰካ የፖሙ ጭማቂ ይወጣና በልጣጩና በካራሜሉ መካከል ይቀመጣል፤ ባክቴሪያው እዚያ እርጥበት ውስጥ ይራባል። ከፍሪጅ ውጭ ጥቂት ቀን ሲያድር በጣም ይበዛል፣ ፍሪጅ ውስጥ ግን ይዘገያል።

«እንግዲያው ሁሉንም ፍሪጅ ማስገባት ነው»

ካራሜል የለበሰው፣ አዎ ይግባ። ጠንካራው ከረሜላ ግን ከፍሪጅ ሲወጣ ያልበዋል፤ እንደ መስታወት የሚያበራው ሽፋኑ ይቀልጥና እጅ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ በሠራችሁበት ቀን ብሉት። ከረሜላ የለበሰው እንጆሪ ወይም የወይን ፍሬ ከሆነ ደግሞ ጭማቂያቸው ቶሎ ስለሚወጣ ወዲያው ነው የሚበሉት። ለትንንሽ ልጆች ሙሉ ወይን አትስጡ፣ ያንቃል።

«ስኳሩ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ይወርዳል»

በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ልክ ነው። ዴንቨርና አውሮራ ላሉት ወገኖቻችን ግን አይሠራም። ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ስኳሩም 145 ላይ ይደርሳል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 92 ገደማ ስለሚፈላ 142 ይበቃል። መጀመሪያ ቴርሞሜትራችሁን የሚፈላ ውሃ ውስጥ ከትታችሁ አንብቡ፤ ከ100 የጎደለውን ያህል ከ150 ቀንሱ። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጣሉ፤ ሲያጥፉት ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል።

«እንዳያር ደጋግሞ ማማሰል»

ይሄ ነው ከረሜላውን የሚያበላሸው። ለ8 ፖም 3 ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ኮርን ሲረፕ (ከበቆሎ የሚሠራ ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) እና 1 ኩባያ ውሃ ጥዳችሁ ስኳሩ እስኪሟሟ ብቻ አማስሉ። ከፈላ በኋላ ማንኪያ ካስገባችሁ ስኳሩ መልሶ ይጠጥርና እንደ አሸዋ ይሆናል። ድስቱ ጎን ላይ የረጨውን ስኳር በእርጥብ ብሩሽ አውርዱት።

«ፖሙን ማጠብ ይበቃል»

ከሱቅ የተገዛ ፖም ብዙ ጊዜ ሰም የተቀባ ስለሆነ ከረሜላው ይንሸራተትበታል። ለጥቂት ሰከንድ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በፎጣ እሹት፤ ጠብታ ውሃ አይቅርበት።

«የከሰል ዱቄት ተፈጥሯዊ ስለሆነ ከጥቁር ቀለም ይሻላል»

ለምግብ የሚሸጠው የከሰል ዱቄት መድኃኒት ይመጥጣል፤ በየቀኑ ክኒን የሚወስድ ሰው ቢበላው መድኃኒቱ ላይሠራለት ይችላል። ወፍራሙ ጥቁር የምግብ ቀለም ይሻላል። ለማስፈራራት ብላችሁ ከግቢ የቆረጣችሁትን ቅርንጫፍም አትሰኩ፤ በሞቃታማ የአሜሪካ ግዛቶች ግቢ ውስጥ የሚተከለው ኦሊያንደር የተባለ ተክል መርዛማ ነው።

«ቢያቃጥል ቅቤ ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት»

በፍጹም። የፈላ ስኳር ከውሃ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል፤ ስለዚህ ፖሙን ድስቱ ውስጥ የሚነክረው አዋቂ ብቻ ይሁን። ከደረሰ የተቃጠለውን ቦታ ወዲያው ለ20 ደቂቃ የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር አቆዩት፤ በረዶም አታድርጉበት። ውሃ ከቋጠረ ወይም የልጅ ፊትና እጅ ከሆነ ሐኪም ይየው።