ሳህን ላይ ያደገ ካንሰር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«እንዲህ ያለው ነገር የካንሰር ሕዋስ ገደለ» የሚል ዜና ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ሕዋሱ የት እንዳደገ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ፣ በማሳደጊያ ሳህን ላይ የከረመ ሕዋስ ጠባዩ ይለወጣል። የሰውነት መከላከያም እንደ ድሮው አያየውም።

«የካንሰር ሕዋስ የትም ቢያድግ ያው ነው»

አይደለም። ኤምሲኤፍ-7 የሚባለው የጡት ካንሰር ሕዋስ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ ሲዞር ኖሯል። በ2018 የወጣ ጥናት 27 ዓይነቱን ሰብስቦ ቢያነጻጽር፣ በዘረመል ተለያይተው ተገኙ። አንዱን የጎዳ መድኃኒት ሌላውን ንክች አላደረገውም። እርሾን አስቡ። ከጎረቤት የተዋሳችሁት እርሾ ትንሽ ከቆየ የእናንተው ቤት እርሾ ይሆናል።

«ሳህኑ ላይ የሚጨመረው ምግብ ብቻ ነው»

ትልቁ ወጥመድ እዚህ ጋ ነው። ሕዋሱ በሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ ካልተወለደ ጥጃ ደም የተገኘ ሴረም (ከረጋ ደም የሚለይ ፈሳሽ) አለ፤ 10 በመቶ ያህል። የጥጃው ፕሮቲን ሕዋሱ ላይ ይጣበቃል፣ ውስጡም ይገባል። ያንን ሕዋስ አይጥ ስትወጋ የአይጧ መከላከያ ይነሳል። ተመራማሪው «ካንሰሩን ለየችው!» ብሎ ይደሰታል። እሷ ግን የለየችው ጥጃውን ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ባለሙያ ሕዋሱን ደጋግሞ የሚያጥበው፣ ሴረሙን ብቻ የተወጉ አይጦችንም ለማነጻጸሪያ የሚይዘው።

ማይኮፕላዝማ የምትባል ባክቴሪያም አለች። ፈሳሹን አታደፈርስም፤ የሕዋስ ግድግዳ ስለሌላት ፔኒሲሊንም አይነካትም። ተደብቃ እያለች መከላከያውን ትቀሰቅሳለች። ሳይመረመር የተወጋ ሕዋስ ውጤቱን ማመን ይከብደኛል።

«ሳህን ላይ ከመከላከያ የተደበቀ ሕዋስ ሰውነት ውስጥም ይደበቃል»

ቲ ሴል የሚባለው የመከላከያ ሕዋስ ካንሰርን የሚያውቀው የካንሰሩ ሕዋስ ኤምኤችሲ በሚባል ሞለኪውል ላይ የውስጡን ፕሮቲን ቁራጭ ሲያሳየው ነው። ቢ16 የተባለው የአይጥ ሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር) ሳህን ላይ ሞለኪውሉን እምብዛም አያወጣም። ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል የመከላከያ መልእክተኛ ፕሮቲን ሲጨመርበት ግን ያወጣል። ኢንተርፌሮኑን ሰውነት ውስጥ ከሚያመነጩት ዋነኞቹ እነዚያው ቲ ሴሎች ናቸው። ሳህኑ ላይ ግን የሉም።

«ላብራቶሪ ሕዋሱን ከማበላሸት በቀር አይጠቅምም»

ይጠቅማል። ቤልጂየማዊው ቲየሪ ቡን እና ባልደረባው በ1977 ሳህን ላይ ያለ የአይጥ ካንሰር ሕዋስን ዘረመል በሚለውጥ ኬሚካል ነካኩት። ከተለወጡት ሕዋሶች አንዳንዶቹን ጤነኛ አይጦች ሳይቀበሏቸው ቀሩ። ከዚያ በኋላ በሌላ የአይጥ ካንሰር ላይ በተሠራ ሙከራ፣ የተለወጠውን ሕዋስ ቀድመው የተወጉ አይጦች ቀድሞ ዝም ብለው ያሳልፉት የነበረውን ያልተለወጠውን ዋናውን ካንሰርም መመከት ጀመሩ።